እምዬን የገፋች እጅ

በትምህርት ቤታችን የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በአንድ እግሩ ይቆማል። የረበሸ ደግሞ እስኪያልበው ድረስ ቁጭ ብድግ ይሠራል። ሁለቱንም ቅጣት በየተራ ቀምሻቸዋለሁ፤ አፌ አያርፍም ነበርና። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከቁርኣን ቤት ቀደም ብዬ ተመልሼ በመጋረጃው ጥግ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሳጮልቅ፣ እናቴ አያቴን እምዬን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በአንድ እግሯ አቁማት ሳይ ነገሩን የሚያስረዳኝ ሰው አላስፈለገኝም። እምዬ እየተቀጣች ነበር። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ምን አጥፍታ እንደሆነ ብቻ ነው።

እናቴ ከኋላዋ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፤ ግን አትነካትም። የእምዬ ሻሽ ወደ ጎን ተንሸራቷል፤ የቆመችበት እግር ይንቀጠቀጣል።

«ትንሽ ይቆዩ» አለች እናቴ። «ግድግዳውን አይንኩ።»

«ያ አላህ» አለች እምዬ በቀጭን ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማየት አልቻልኩም። ወደ ጓሮ ሮጬ ከውሃው ሮቶ ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እምዬ የአባቴ እናት ናት። ወይዘሮ ረሂማ ይሏታል። ደሴ፣ ሆጤ፣ ዳገቱ ላይ የራሷ ቤት ነበራት። አንድ ክረምት ዝናብ ያራሰው የድንጋይ ደረጃ አዳለጣትና ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር የነበረው አባቴ አብዱልወሀብ እጇን ጀሶ አሳስሮ፣ ቤቷን አከራይቶ ወደ እኛ አመጣት። «ኮምቦልቻ ሜዳ ነው» አለ። «እዚህ ማን ይወድቃል?»

ለመንገድ ሲወጣ ለእናቴም ለእኔም የሚሰጠን ትእዛዝ አንድ ነበር። «እናቴ ከተቀመጠችበት እንዳትነሳ።» እኛም አላስነሳናትም። የውዱእ ውሃዋ በጆግና በሳፋ እተቀመጠችበት ይመጣል። ጫማዋን የማጠልቅላት እኔ ነኝ። ሶላቷንም ወንበር ላይ ሆና ትሰግዳለች፤ ከወደቀች ወዲህ ግንባሯን መሬት እንድታስነካ የፈቀደላት ሰው የለም። እንግዳ ሲገባ ከወንበሯ ትንሽ ብድግ ስትል ቤቱ በሙሉ በአንድ አፍ «ኧረ በአላህ አይነሱ» ይላታል። ጎረቤቱ እናቴን መርቆ አይጠግብም። ምራት ማለት ፈትሂያ ናት ይባል ነበር።

ዛሬ ሳስበው ያንዘፈዝፈኛል። እምዬ ወደ ኮምቦልቻ ስትመጣ በእግሯ ሄዳ ነው ቤታችን የገባችው። የተሰበረው እጇ ነው፤ እግሯን የነካው ነገር አልነበረም። እኛ ተንከባክበናት፣ አክብረናት፣ ወንበር ላይ አስቀምጠናት፣ ጀሶው ሊፈታ ሲደርስ ከአልጋዋ እስከ በሩ የሚወስዳት ሰው ግራና ቀኝ የምትፈልግ አሮጊት አደረግናት።

ስለ እምዬ አንድ ሌላ ነገር መናገር አለብኝ። የሰው ገበና አታወጣም። አንድ ቀን አባቴ ከጅቡቲ ያመጣውን ብርጭቆ ከእጄ ጥዬ ሰበርኩት። አባቴ እየተቆጣ ሲገባ እምዬ፣ እጇ በጀሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለችው። አባቴ ቁጣውን ረስቶ ሳቀ። በዘመድ ዘንድ ቀልድ ነበር። የማንም ልጅ ምን ቢያጠፋ «ረሂማ ናት ያጠፋችው» ይባላል። አባቴ በልጅነቱ የጠፋበትን ፍየል እንኳ ለባሏ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ ብላዋለች ይባላል።

ጀሶው የሚፈታበት ቀን ደርሶ እናቴና እምዬ በሚኒባስ ደሴ ወደ ሆስፒታል ወጡ። ሲመለሱ እናቴ ሌላ ሰው ሆና ተመለሰች።

በማግስቱ ምሳ ላይ እምዬ ውሃ ጠየቀች። ጆጉን ላነሳ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ተዪው ሱሀይላ። መስኮቱ ላይ ነው፤ ራሷ ትወስዳለች።» የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። እምዬ ሁለት እጆቿን ወንበሩ ላይ ተመርኩዛ ተነሳች፣ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ከዚያ ቁምሳጥኑን ይዛ፣ ከዚያ ምንም ሳትይዝ እስከ መስኮቱ ሄደች። ወጡ ቀዘቀዘ። ውሃዋን ጠጥታ ስትመለስ እኔን አይታ በዓይኗ ጠቀስ አደረገችኝ። እንዳላለቅስ ልታባብለኝ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ የከፋው መጣ። ቁጭ ብድጉ መጣ። እናቴ እምዬን እጆቿን ደረቷ ላይ አስቆልፋ ከወንበር ታስነሳትና መልሳ ታስቀምጣታለች። አንዱን ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ፊት እያስገጠመች በምንጣፉ ጠርዝ ላይ ታስኬዳታለች። ሁልጊዜ አባቴ መንገድ ላይ ሲሆን ነው። ሁልጊዜ የግቢው በር ተዘግቶ ነው። ይህም ጥፋት መሆኑን አረጋገጠልኝ፤ ጥሩ ነገር የሚሠራ ሰው በር አይዘጋም። እናቴ መሀል ላይ «ምንይሉ እንዳለው» ትላለች። ምንይሉ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ማንም ይሁን ማን ጠላሁት።

አንዴ ከበሩ ጀርባ ሆኜ እምዬ እንዲህ ስትል ሰማሁ። «ሸሪፋ ብትሰማ ከዚህ ቤት አታኖረኝም።»

«እንንገራቸዋ እማ» አለች እናቴ። «ምን ያስፈራናል?»

«ተይ ልጄ። ረሂማ እንደ ሕፃን ቁሚ ሂጂ እየተባለች ነው ይበሉኝ? ግንባሬ መሬት ይንካ፤ ያኔ አይተው ይወቁት።»

ሸሪፋ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሐርቡ ትኖራለች። ስለ ግንባር የተባለው አልገባኝም። የገባኝ እምዬ አክስቴ እንዳትሰማ መፍራቷ ነው። የሚበድላትን ሰው ገበና እንኳ ትሸፍናለች ብዬ ይበልጥ ወደድኳት፤ እናቴን ደግሞ ማታ ስትስመኝ ፊቴን አዞርኩባት።

አንድ ቀን ለዐስር ሶላት ምንጣፍ ላይ መስገጃ ተነጥፎ አየሁ። ወንበሩ ወደ ጎን ተገፍቷል። እምዬ ቆማ ጀመረች፣ ጎንበስ አለች፣ ከዚያ በጉልበቷ ወርዳ ግንባሯን መሬት አስነካች። እዚያው ቀረች። እንደማትነሳ ገባኝ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እናቴ አጠገቧ እጆቿን አጣምራ ቆማ ታያታለች። ልረዳት ስሮጥ እናቴ ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ፤ በጣም አሳመመችኝ። «ተያት» አለችኝ ጆሮዬ ስር። እምዬ አንድ እግሯን አስቀደመች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ አቃሰተችና ተነሳች። ሶላቷን ጨርሳ ስትዞር ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። «አልሀምዱሊላህ» አለች። እናቴም ታለቅስ ነበር። እኔ ያን ዕለት እናቴን ጠላኋት፤ ቃሉን ሳላሳንስ ነው የምናገረው፣ ጠላኋት።

የእነዚያን እንባዎች ትርጉም የሰማሁት ትልቅ ሴት ሆኜ፣ የመጀመሪያ ልጄ ቆሞ መሄድ ሲለማመድ ነው። አባቴ ያኔ ሞቶ ነበር። ልጁ ሲንገዳገድ ልይዘው እጄን ስዘረጋ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ ያው ቦታ ላይ፣ ያው አያያዝ። «ተይው» አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ምንይሉ ጀሶው በተፈታ ቀን እምዬን ያያት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ሰው ከወደቀ በኋላ የሚቀመጥ ከሆነ ሚዛኑን ያጣል፤ ሚዛኑን ያጣ ደግሞ መልሶ ይወድቃል፤ የሁለተኛው አወዳደቅ እንደ መጀመሪያው አይደለም ብሎ ነገራቸው። እምዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። «ግንባሬን መሬት አስነክቼ ራሴ መነሳት እችላለሁ?» ከሠሩ ይችላሉ አላት። እንዴት እንደሚሠራ ለሁለቱም አሳያቸው። እናቴን ያጨከናት ያ መልስ ነው።

አክስቴ ሸሪፋ የመጣችው ሳትጠራ ነው። ልጅ ሆኜ በጣም ደስ ያለኝ ቀን ያ ነበር።

እናቴና እምዬ ግቢው መሀል ትይዩ ቆመዋል። እምዬ ዓይኖቿን ጨፍናለች። እናቴ መዳፏን የእምዬ ደረት ላይ አድርጋ ገፋ ታደርጋታለች፤ እምዬ ወደ ኋላ ትንገዳገድና ትመለሳለች። እንደገና ትከሻዋን ገፋ ታደርጋታለች። «ጠንከር አርጊው» ትላለች እምዬ። «ምነው እጅሽ ፈራ?» እኔ ይህን የሰማሁት የተጣሉ ሴቶች «እስቲ ምቺኝ» እንደሚባባሉት ነው። ዓይኗንም የጨፈነችው ፈርታ መሰለኝ። በሩን ያን ቀን መዝጋት ረስተው ነበር። አክስቴ ከሐርቡ ያመጣችውን ዘንቢል ማንጎ ይዛ ቆማ ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ዘንቢሉን ለቀቀችው።

«ፈትሂያ» አለች። አልጮኸችም። «እጅሽን ከእናቴ ላይ አንሺ።»

እምዬ ዓይኗን ገለጠች። «ሸሪፋዬ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ወላሂ፣ ግፊኝ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ያላጠፋሽው ጥፋት መቼ አለ» አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ብርጭቆውን የሰበርሽው አንቺ፣ ፍየሉን ያስጠፋሽው አንቺ። ይሄን ደግሞ ልትሸፍኚላት ነው?»

«ሀኪም ነው ያዘዘው እትዬ ሸሪፋ» አለች እናቴ። «ደሴ ያለው ልጅ፣ ምንይሉ የሚባለው።»

«አሮጊት ግፉ የሚል ሀኪም?»

እምዬ በሕይወቷ ሙሉ የሌላውን ጥፋት በራሷ ላይ ስትወስድ ኖራ፣ እውነት የተናገረችበት ቀን ሲመጣ የሚያምናት አጣች። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም ያየሁትን ነበር የምነግራቸው፤ ያየሁት ሁሉ ደግሞ እናቴን የሚያስከስስ ነው።

አባቴ ከጅቡቲ ሲመለስ የሰፈር ሽማግሌዎች ሳሎን ተቀምጠው ቆዩት። አክስቴ ነገሩን በአጭሩ አስቀመጠችው። ወይ እናቷን ይዛ ትሄዳለች፣ ወይ አባቴ ሚስቱን ይፈታል። እናቴ በሩ አጠገብ ቆማ «ደሴ እንሂድና ሀኪሙን ራስህ ጠይቀው» አለችው። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ሀኪም ፊት ቆሜ ሚስቴ እናቴን ትገፋታለች፣ ልክ ናት ወይ ብዬ ልጠይቅ?» አለ። አሳፈረው። ከኮምቦልቻ ደሴ ሽቅብ የሚወስደው ያ ጠመዝማዛ መንገድ ለእሱ ምኑም አልነበረም፤ ጅቡቲ ደርሶ የሚመለስ ሰው ነው። ግን አልሄደም።

ሽማግሌዎቹ ሲያመነቱ እምዬ ከወንበሯ ተነሳች። ማንንም ሳትይዝ፣ በአንድ ጊዜ፣ ቀጥ ብላ ተነሳች። ሁሉም «ኧረ በአላህ አይነሱ» ብለው ተንጫጩ። ያዩት ምን እንደሆነ ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

«ሐርቡ እሄዳለሁ» አለች። «ሸሪፋ ናፍቃኛለች።»

ሸሪፋ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ነበር። እምዬ የእናቴን ትዳር ለማዳን እንደሄደች ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ልብሷን በሻንጣ ስከት እየዘፈንኩ ነበር።

ለዒድ ሐርቡ ወረድን። እምዬ ረጅም አልጋ ላይ፣ በጥልፍ ትራስ ተከባ፣ አዲስ ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። የአክስቴ ልጆች እግሯን ያጥባሉ፣ ያጎርሷታል፣ ያራግቡላታል። ሶላቷን አልጋው ላይ ነው የምትሰግደው። ንግሥት መሰለችኝ፤ ለአላህ ምስጋና አቀረብኩ። እናቴን በሩ አጠገብ አስቀመጧት፤ ሰላምታዋን የመለሰላት እምዬ ብቻ ነበረች።

ሰዉ ወሬ ሲይዝ እምዬ እናቴን ትኩር ብላ አየቻትና አንድ እግሯን ከአልጋው ጫፍ ወደ ላይ አነሳች። ቀጥ አድርጋ ያዘችው። እግሩ ቀጭን ነበር፤ ብዙም አልቆየላትም። እናቴ አቀርቅራ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። እምዬ በደል ያደረሰችባትን ሴት በእግሯ እያንቋሸሸቻት መስሎኝ ደስ አለኝ። አክስቴ ግን ሮጣ መጥታ እግሯን በብርድ ልብስ ሸፈነችላት። «ይበርድሻል እናቴ» አለቻት። ሐርቡ ላይ፣ በዚያ ሙቀት።

ዓመት ሳይሞላ እምዬ ወደቀች። ቤቱ ሰው ያልነበረበትን ሰዓት ጠብቃ ከአልጋዋ ወርዳ ነበር። ሲያገኟት መስገጃዋን ራሷ ዘርግታዋለች፤ የወደቀችው ግን ከመስገጃው ሳትደርስ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ጥቂት ሰነበተችና ሞተች። ገላዋን ለማጠብ ከተጠሩት ሴቶች መካከል እናቴ አልነበረችም። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ እናቴን በጎን እያዩ ያንሾካሹኩ ነበር፤ ያ የፈትሂያ ግፊያ ነው ይሉ ነበር፤ የሰው ቂም አጥንት ውስጥ ቆይቶ ይሰብራል ይሉ ነበር። እኔም ሴቶቹን አመንኳቸው፣ ልጄ ቆሞ መሄድ እስኪጀምር ድረስ።

ባለፈው ክረምት ደግሞ አክስቴ ሸሪፋ መታጠቢያ ቤት ወደቀች። እንደ እድል ሆኖ የተሰበረ ነገር የላትም፤ ግን መራመድ ፈራች። ልጆቿ ሁሉ ጂዳ ናቸው። «ደሴ እንውሰዳት» ያለችው እናቴ ናት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሦስታችን በሚኒባስ ሽቅብ ወጣን።

የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ የብረት መደገፊያ አጠገብ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። ሌላው ቁጭ ብድግ ይሠራሉ። አክስቴ ገብታ ስታያቸው በሩ ላይ ቆመች። የምታክማቸው ሰርካዲስ የምትባል ፈጣን ወጣት ናት። ከሽማግሌው ፊት ቆማ መዳፏን ደረታቸው ላይ አድርጋ ገፋ አደረገቻቸው። ሰውየው ተንገዳገዱ፣ ተመለሱ፣ ሳቁ።

አክስቴ ወንበር ላይ በቀስታ ተቀመጠች። ተራዋ ደርሶ ሰርካዲስ ስለ አወዳደቋ ጠየቀቻት። አክስቴ ግን ሽማግሌውን ነው የምታየው።

«ልጄ» አለች በመጨረሻ። «ዓይናቸውን አይጨፍኑም እንዴ?»

«እሱ ገና ነው እማማ» አለች ሰርካዲስ። «ዓይን የምናስጨፍነው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተገፍቶ፣ የማይወድቅ ሰው ቢኖርስ?»

«እሱማ ምን ቀረው? ወደ ቤትህ ሂድ ነው የምንለው።»

አክስቴ ዓይኗን ከሽማግሌው ላይ አነሳች። በዚያ ግቢ፣ ያ ሁሉ ማንጎ መሬት ላይ በተበተነበት ቀን ያየችውን ፊት እያየች እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ ፊት እያየሁ ነበር። ፈርታ የጨፈነች የመሰለችን እምዬ።

ሰርካዲስ የምንጨነቅበትን ሳታውቅ ወረቀቷን እያስተካከለች «ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያሠራቸው?» ብላ ጠየቀች።

እናቴ እጆቿን ነጠላዋ ስር ደብቃለች። ከዚያ ከግቢው ቀን ወዲህ አረጋዊ ሰው ልትሰናበት ስትል እንኳ ትከሻ የማትነካ ሴት ናት፤ ይህን ልብ ያልኩት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። አክስቴ ወንበሩን ተመርኩዛ መነሳት ጀመረች። እኔ ልይዛት ስል ክንዴን የሚይዘኝ አላስፈለገኝም፤ ራሴ እጄን መለስኩ። ብዙ ፈጀባት። ተነስታ እናቴ ፊት ቆመች።

«ፈትሂያ» አለቻት። «ግፊኝ።»

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። አክስቴ የእናቴን እጅ ከነጠላው ስር አውጥታ ደረቷ ላይ አደረገችው። ዓይኖቿንም ጨፈነች፤ እንባዋ ከተጨፈነው ዓይኗ ስር ይወርዳል። ሰርካዲስ እንኳ ወረቀቷን ትታ ማየት ጀመረች።

የእናቴ መዳፍ እዚያው ቆየ። ሌላውን እጇን ዘርግታ ከአክስቴ ጀርባ፣ ሳትነካት፣ አዘጋጀችው።

«ዓይንሽን ግለጪ እትዬ ሸሪፋ» አለቻት። «አንቺ ገና ነሽ።»